እንቁላሉን የት ይጥላል? የባህር ዓሣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይምጣ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። የምንኖረው ዓለም ገና ነው፣ ወደ ሰበታ መውጫው ላይ። ጓሮዬ ውስጥ አንዲት የዓሣ ኩሬ ስላለችኝ ሰፈር ውስጥ ስለ ዓሣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። «እስቲ ይህን አንብበው። እውነት ከሆነ እኔም ልግባበት» አሉኝ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ላይ ያለችው ገንዘብ የዕድሜ ልክ ልፋታቸው ናት።

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ሐሳቡ ግን አጭር። ኢትዮጵያ ባህር ባይኖራትም የባህር ዓሣ ሊኖራት ይችላል ይላል። የቀይ ባህርን ዓሣ ጫጩት በጅቡቲ በኩል በበርሜል እናምጣ፤ የውሃውን ጨው ቀስ በቀስ እየቀነስን እናለማምደው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ሐይቆች፣ በተለይ ቢሾፍቱ ላይ እንልቀቀው ነው ነገሩ። ለማስረጃ የአላስካን፣ የኒካራጓንና በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለውን የካሪባ ግድብ ዓሣዎች ይጠራል። «ባይሳካስ ምን ይቀርብናል?» ብሎ ይጨርሳል።

ቅዳሜን ሙሉ ለጋሼ በቃል ሳስረዳ ዋልኩ። ጽሑፉን ያነበቡት ግን እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መነሻው ትክክል ነው፤ እሱን አልክድም። በዐቢይ ጾም ዓሣ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ሐይቆቻችን ላይ የሚጣለው መረብ በዝቷል፤ የሚወጣው ዓሣ እያነሰ ሄዷል። ሌላ መንገድ መፈለግ ተገቢ ነው። የባህር ዓሣዎች በየብስ በተዘጉ ሐይቆች ውስጥ መኖር መቻላቸውም እውነት ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ታአል የሚባል ሐይቅ አለ። ድሮ ከባህር ጋር በሰፊው የተገናኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1754 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መግቢያውን አጠበበው፤ ውሃውም እያደር ጨውነቱን ተወ። ዛሬ እዚያ ታዊሊስ የሚባል ሰርዲን አለ። ከዘመዶቹ መካከል ጨው በሌለው ውሃ ብቻ የሚኖረው እሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ክርክሬ «ይቻላል ወይስ አይቻልም» አይደለም። ክርክሬ የትኛው ዓሣ፣ በምን መንገድ፣ በምን ዋጋ የሚለው ላይ ነው።

ጸሐፊው የጀመረው «ጨውን ቀስ በቀስ ከቀነስክለት ማንኛውም የባህር ዓሣ ይለምዳል» በማለት ነው።

አይለምድም። የባህር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። የአብዛኛው ዓሣ ደም ጨውነቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ ባህር ውስጥ ያለ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ውሃ ይጠማዋል፤ ከሰውነቱ ውሃ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ባህሩን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሳት በኩል ይተፋዋል። ሐይቅ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው በራሱ ጊዜ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ጨው ግን ያልቅበታል። አሁን መጠጣቱን ማቆም፣ ቀጭን ሽንት በብዛት መሽናት፣ ከውሃው ውስጥም ጨው እየለቀመ ወደ ደሙ ማስገባት አለበት። ፓምፑን ገልብጦ መግጠም በሉት። ይህን ማድረግ የሚችሉ ዓሣዎች አሉ፤ የእኛ ቆሮሶ እንኳ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ጨው ያለበትን ውሃ በደንብ ይቋቋማል። ብዙዎቹ የባህር ዓሣዎች ግን ፓምፑን የሚገለብጥ አካል የላቸውም። በሳምንት ቀነስክለት በወር ለውጥ አያመጣም።

በጨው ሳይሆን በሙቀት ብቻ ምን እንደሚሆን በራሴ ኩሬ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ጫጩቶቼን በኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ነበር ያመጣኋቸው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ኩሬዋ የሌሊቱን ብርድ እንደያዘች ነበረች። ላስቲኩን ውሃው ላይ አንሳፍፎ የውስጡና የውጭው ሙቀት እስኪቀራረብ መጠበቅ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። ቸኮልኩ፤ ዘረገፍኳቸው። መጀመሪያ ላይ ወደ ታች ወርደው ጠፉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ በጎናቸው እየተንሳፈፉ ወጡ፤ ስንጥባቸው ተከፍቶ ሳይዘጋ። ከቀትር በፊት ከግማሽ በላይ ሞተው ነበር። እነዚያ እዚሁ አገር የተፈለፈሉ፣ ለጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨው ለሌለው ውሃ የተፈጠሩ ጫጩቶች ነበሩ።

ይሁን፤ ተሳክቶልን አንዱ የባህር ዓሣ ሐይቅ ውስጥ አደገ እንበል። ጽሑፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልጠየቀው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉን የት ይጥላል?

ብዙ የባህር ዓሣዎች እንቁላላቸውን ክፍት ውሃ ላይ ነው የሚለቁት። እንቁላሉ ይንሳፈፋል፤ የሚያንሳፍፈው የባህሩ ጨው ነው። ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጭቃው ላይ አርፎ ይታፈናል። ከዚያም በፊት ሌላ ችግር አለ። የብዙ የባህር ዓሣዎች የወንዱ ዘር መንቀሳቀስ የሚጀምረው ጨዋማው ውሃ ሲነካው ነው። ሐይቅ ውስጥ ሳይነቃ ይቀራል። አባትና እናት ለምደው ሲዋኙ ታያለህ፤ ልጅ ግን የለም።

ደብረ ብርሃን ተወልዶ አሳይታ የሚኖር ሰው ሙቀቱን ይለምደዋል። ልጁ ግን ሙቀት ለምዶ አይወለድም። አንድ ዓሣ መልመዱና አንድ የዓሣ ዘር መለወጡ እንደዚሁ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጽሑፉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሄደው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግብጽ ውስጥ ቃሩን የሚባል ጨዋማ ሐይቅ አለ። ግብጾች ቡሪ የሚሉትን የባህር ዓሣ እዚያ ለብዙ ዓመታት አሳድገዋል። ነገር ግን ጫጩቱ ከባህር ዳር እየተለቀመ ነበር የሚጨመርበት። እነሱ ባህሩ ደጃቸው ነው። ዓለም ገና ላይ ሆኖ በየዓመቱ ጫጩት ከጅቡቲ የሚያመላልስ ሰው ግን ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ያስላ።

ቀጥሎ ጸሐፊው «የአላስካው ስቲክልባክ በአሥር ዓመት ተለውጦ የሐይቅ ዓሣ ሆኗል» ይላል። ይህ ትልቁ ማስረጃው ነው። እውነትም ነው። ለዚህም ነው በደንብ መታየት ያለበት።

ስቲክልባክ ከጣት የማይበልጥ፣ ጀርባው ላይ ሦስት እሾህ ያለው ዓሣ ነው። ባህር ውስጥ የሚኖረው ከራሱ እስከ ጭራው ጎኑን የሚሸፍን የአጥንት ጥሩር አለው። አላስካ ውስጥ ሎበርግ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሰዎች ለመዝናኛ የሚጠመድ ዓሣ ሊለቁበት ፈልገው የነበረበትን ዓሣ በሙሉ በመርዝ ጨረሱት። ከዚያ ከባህር የወጡ ስቲክልባኮች በራሳቸው መንገድ ገቡበት። ማይክል ቤል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያገኛቸው ጥሩራቸውን እንደለበሱ ነበሩ። በየዓመቱ እየሄደ ቆጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመቶ 75ቱ ጥሩራቸው የቀነሰ የሐይቅ ዓይነቶች ሆነው ነበር። ሙሉ ጥሩር የቀረላቸው ከመቶ 11 ብቻ ነበሩ። ይህን ሳነብ ዛሬም ይደንቀኛል። ዝግመተ ለውጥ ሲባል ሚሊዮን ዓመት ይመስለን ነበር፤ ይኸው አንድ ሰው በራሱ ዕድሜ ቁጭ ብሎ ቆጠረው።

ግን እንዴት ሆነ? አንደኛ፣ እነዚህ ከባህር የሚወጡ ስቲክልባኮች ድሮም እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ከባህር ወደ ወንዝ እየወጡ ወንዱ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ትጥልበታለች። የእንቁላሉ ችግር ሎበርግ ከመግባታቸው ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ተፈትቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጥሩር የሚያሳንሰው ዘረመል ሐይቁ ውስጥ አልተፈጠረም። ባህር ውስጥ ካሉት ጥቂቶቹ ደብቀውት ይዞሩ ነበር። ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ላለፉት አሥር ሺህ ዓመታትና ከዚያ በላይ ዓሣው ሐይቅ ሲገባ፣ የሐይቁ ከባህሩ ጋር ሲዳቀል ኖሯል። ስለዚህ ባህሩ ውስጥ የሐይቅ ስንቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል። አዲስ ሐይቅ ሲገኝ ስንቁ ይፈታል። ስንቅ የሌለው ግን ይቀራል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት፣ በጣፋጭ ውሃ ምግብ ውስጥ የሚጎድለውን ዲኤችኤ የተባለ ቅባት ራሱ መሥራት የሚያስችለው ዘረመል ቅጂው የበዛለት የስቲክልባክ ዘር ሐይቅ ይገባል። ያልበዛለት የቅርብ ዘመዱ የሐይቅ ምግብ ሲበላ ይሞታል። ልብ በሉ፣ ከጨውም አልፎ ምግቡ ራሱ ይገድላል። ጸሐፊው ግን ስለ ምግብ አንድ ቃል አልጻፈም።

ሦስተኛውን ማለት ይከብዳል፤ ግን መባል አለበት። «ተለወጡ» ሲባል እያንዳንዱ ዓሣ ጥሩሩን አወለቀ ማለት አይደለም። ያልተስማሙት ዘር ሳይተኩ አለቁ ማለት ነው። ተፈጥሮ ኪሳራውን ትችለዋለች። ጋሼ አይችሉትም።

ሌላም አለ። ሐይቅ ውስጥ የቀሩ የባህር ዓሣዎች ብዙውን ጊዜ ያንሳሉ። ኮካኒ የሚባለው የሐይቅ ሳልሞን ወደ ባህር ከሚወርደው ከሶክዓይ ጋር አንድ ዘር ነው፤ በመጠን ግን አይደርስበትም። ለመብል ዓሣ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጽሑፉ ባይጠቅሰውም እኔ ልጨምርለት። እ.ኤ.አ. በ1956 የሮዝ ሳልሞን ጫጩቶች በስህተት ካናዳ ውስጥ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ገቡ። ማንም ይተርፋሉ አላለም። ተረፉ፤ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥም የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች በሙሉ አዳረሱ። ባህር ውስጥ በሁለት ዓመት ብቻ የሚበስለው ዓሣ እዚያ በሦስት ዓመት የሚበስልም ተገኘበት። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሳልሞንም እንቁላሉን የሚጥለው ወንዝ ውስጥ ነው። በፍጥነት የተላመዱትን ብትቆጥሯቸው አብዛኞቹ ላይ ይህንኑ ታገኛላችሁ። ድሮም ለመውለድ ወደ ጣፋጭ ውሃ ይመጡ ነበር። ከጅቡቲ ገበያ የምናውቃቸው ዓሣዎች፣ ቱናውም ስናፐሩም፣ እንዲህ አያደርጉም።

ስለ ኒካራጓው ሻርክ አጭር መልስ ይበቃል። ጽሑፉ «ሻርኩ ሐይቅ ውስጥ ተዘግቶ ለዘመናት ኖሯል» ይላል። ድሮ እንዲህ ይታመን ነበር፤ እንዲያውም ራሱን የቻለ ዘር ተደርጎ ስም ወጥቶለታል። ቶማስ ቶርሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሻርኮቹን ምልክት እያሰረ ሲለቃቸው ግን በሳን ሁዋን ወንዝ በኩል ወደ ካሪቢያን ባህር ይወርዱና ይመለሱ እንደነበር ታወቀ። አልተዘጋባቸውም፤ በራቸው ክፍት ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን የገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ወንዝም አይወጣለት።

ካሪባም እንደዚሁ። «የባህር ሰርዲን ግድብ ውስጥ ተለቆ ዚምባብዌንና ዛምቢያን መግቧል» ይላል። ሰርዲኑ እውነት መግቧቸዋል፤ ካፔንታ ይሉታል፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ይሸጡታል። ግን እ.ኤ.አ. በ1967 እና 1968 የመጣው ከባህር አይደለም፤ ከታንጋኒካ ሐይቅ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከባህር የወጡት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የተዛወረን ዓሣ የባህር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል። ጸሐፊው ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ቢያርመው ግን ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ያለው፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ስላለው አረንጓዴ ሐይቅ የተነሳው ነጥብ ብልህ ይመስላል። «አረንጓዴ ሐይቅ ጨዋማ ስለሆነ ለባህር ዓሣ የተመቸ ነው» ይላል።

ጨው ሁሉ አንድ አይደለም። የባህር ጨው በአብዛኛው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ነው። የአረንጓዴ ሐይቅ ግን ሶዳ ነው። ጣትህን ነክረህ ብታሻሸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ያን አረንጓዴ ቀለም የሰጠው ስፓይሩሊና የሚባለው ደቂቅ ፍጥረትም የሚወደው ሶዳውን ነው። አብዛኛው ዓሣ የሰውነቱን ቆሻሻ በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ ነው የሚያስወጣው። ሶዳ በበዛበት ውሃ ውስጥ አሞኒያው መውጣት ያቅተዋል፤ ዓሣው በራሱ መርዝ ይሞታል። ኬንያ ማጋዲ ሐይቅ ላይ የሚኖር አንድ ትንሽ ቲላፒያ ይህን ያመለጠው አሞኒያውን ወደ ዩሪያ እየቀየረ ስለሚያወጣ ነው። ይህ ለዓሣ እጅግ ብርቅ ችሎታ ነው።

የራሳችንን አፍዴራንም እዩት። አፋር ውስጥ ከባህር ጠለል በታች የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጨዉም የምንበላው ዓይነት ነው። ሌላ የትም የማይገኙ ሁለት ትናንሽ ዓሣዎች አሉበት። እነሱም ቢሆኑ የሐይቁን መሐል አልደፈሩትም። ፍልውሃ እየገባ ጨዉን በሚያቀጥንበት ዳር ዳሩን ነው የሚኖሩት።

የባህር ዓሣ ሆን ተብሎ ሐይቅ ውስጥ ተለቆ የተራባበት ቦታ ካስፈለገ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳልተን የሚባል ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 የኮሎራዶ ወንዝ ቦዩን ጥሶ ሞላው፤ ከዚያ በትነት ጨዉ እየጨመረ ሄዶ ባህርን አከለ። ያኔ ብዙ ዓይነት የባህር ዓሣ ለቀቁበት። የጸኑት ሦስት ናቸው። እንቁላላቸውም ሊፈለፈል የቻለው ውሃው ባህር ስለመሰለ ነው። በኋላ ጨዉ ከባህር ሲያልፍ ሦስቱም ጠፉ። የቀረው ማን ይመስላችኋል? ቲላፒያ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ልምጣ፤ «ባይሳካስ ምን ይቀርብናል?»

እኔን የሚያሳስበኝ ቢሳካስ የሚለው ነው። አልዋይፍ የሚባል የባህር ዓሣ በሰው በተቆፈሩ ቦዮች በኩል ወደ አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። ሚሺጋን ሐይቅ ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ተላመደ፣ ተራባ፣ የሌሎቹን ዓሣዎች ጫጩትና ምግብ በላባቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጅምላ ሞቶ የሐይቁን ዳርቻ ሞላው፤ በማሽን እየዛቁ ነበር የሚያነሱት። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም የናይል ፐርች ከተለቀቀ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዘሮች ጠፍተዋል። የእኛዋ እምቦጭም በአንድ ወቅት አበባዋ ያማረ እንግዳ ነበረች።

ቢሾፍቱ ደግሞ ለስህተት ቦታ የላትም። ሐይቆቹ ትንንሽና ጥልቅ ናቸው። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም። ብርድና ንፋስ ሲመጣ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ የታቹ ይወጣል። አንድ ዓመት በኅዳር ማለዳ ባቦጋያ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ቆሮሶዎቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ዳር ላይ ተደርድረዋል። ሕይወት ያላቸው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይስባሉ። አንድ ልጅ ጆንያ ይዞ እየለቀመ ነበር። እናቱ ከኋላ «ተወው፣ አትንካው!» ትላለች። ሽታው እስከ መንገዱ ይሰማል። ይህን ሁሉ የለመደ ቆሮሶ እንኳ እንዲህ የሚሆንበት ውሃ ነው።

የአባ ሳሙኤልን ግድብም ጽሑፉ እንደ አማራጭ አንስቶታል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚገባው እዚያ ነው። እዚያ መጀመሪያ ውሃው ይታከም፤ ስለ ዓሣው በኋላ እንነጋገራለን።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ ታዲያ የኔ ገንዘብ ምን ይሁን?» አሉኝ። ሰኞ ዕለት አብረን ሰበታ ወደሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄድን፤ ስለ ቆሮሶ ጫጩትና ስለ ኩሬ አሠራር ጠየቅን። ጋሼ ይዘውት የሄዱት ደብተር ላይ ጻፉ፦ ጥልቀት፣ የውሃ መግቢያ፣ መውጫ፣ መኖ። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ደብተሩን ገልጠው አንድ ነገር ጨመሩበት። አየሁት። «ላስቲኩን አንሳፍፎ መጠበቅ» ይላል።